የቆዩ የንግድ ሶፍትዌር የመረጃ ቋቶችን ስለማሻሻል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለዓመታት ያገለገለ የሒሳብ ወይም የንብረት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ወደ ዘመናዊ የማበልጸጊያ መሣሪያ ሲሸጋገር፣ ሥራውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰናክለው አዲሱ መሣሪያ ሳይሆን በአሮጌው የመረጃ ቋት ውስጥ ማንም ሳይጽፈው የቆየ ልማድ ነው።

«ፕሮግራሙ ዛሬም ስለሚሠራ መንካት አያስፈልግም።»

መሥራቱ እውነት ነው፤ ዋስትና ግን አይሆንም። ለምሳሌ ማይክሮሶፍት የቪዡዋል ፎክስፕሮን (የመረጃ ቋት ፕሮግራሞች የሚሠሩበት የቆየ መሣሪያ) የመጨረሻ ስሪት 9.0 በ2004 እ.ኤ.አ. አውጥቶ ድጋፉን በ2015 እ.ኤ.አ. አቋርጧል። በዚህ ሥርዓት አንድ የሠንጠረዥ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ማለፍ ስለማይችል፣ ሥራው ባደገ ቁጥር ወደ ወሰኑ መቃረብ አይቀርም።

«መረጃውን ወደ አዲሱ ሰርቨር መገልበጥ ብቻ በቂ ነው።»

ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አመለካከት ይመስለኛል። በዲቤዝ (ሌላው የቆየ የመረጃ ቋት ሥርዓት) እና በፎክስፕሮ ፋይሎች ውስጥ መዝገብ ሲሰረዝ ወዲያውኑ አይጠፋም፤ የስረዛ ምልክት ብቻ ይደረግበትና «ፓክ» የሚባለው ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ በቦታው ይቆያል። ይህን ምልክት የማያይ የማዛወሪያ ፕሮግራም ከዓመታት በፊት የተሰረዘውን ደረሰኝ እንደ ማንኛውም መዝገብ ወደ አዲሱ ቋት ያስገባዋል። ባዶ ቀንም ሌላ ወጥመድ ነው። አሮጌው ፕሮግራም የክፍያ ቀኑ ባዶ የሆነን ደረሰኝ «ያልተከፈለ» ብሎ ይረዳው ይሆናል፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባለው የማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት ሥርዓት ግን በቀን ዓምድ ውስጥ ባዶ ጽሑፍ ሲገባለት ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ብሎ ስለሚመዘግበው፣ ያልተከፈለው ዕዳ ከመቶ ዓመት በፊት የተከፈለ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከዝውውሩ በኋላ የመዝገቦችን ብዛት ማመሳከር ብቻውን አይበቃም፤ የየወሩ የገንዘብ ድምርና ያልተከፈሉ ደረሰኞች ዝርዝርም ከአሮጌው ሪፖርት ጋር ጎን ለጎን መታየት አለባቸው።

«ዘመናዊው መሣሪያ አወቃቀሩን አንብቦ ኮዱን ራሱ ያዘጋጃል።»

ያዘጋጃል፤ የሚያዘጋጀው ግን በቋቱ ውስጥ በግልጽ የተቀመጠውን ብቻ ነው። ለምሳሌ ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር (የፕሮግራም ኮድን ከመረጃ ቋት ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ዋና ቁልፍ፣ ማለትም እያንዳንዱን መዝገብ የሚለይ መለያ፣ የሌለውን ሠንጠረዥ እንዲነበብ ያደርጋል እንጂ ለውጥ እንዲቀመጥበት አያደርግም። በደንበኛና በደረሰኝ መካከል ያለው ግንኙነት በአሮጌው ፕሮግራም የማስገቢያ ቅጽ ኮድ ውስጥ ብቻ ሲጠበቅ ከኖረ ደግሞ መሣሪያው ግንኙነቱን አያውቀውም። ዋና ቁልፎቹንና ሠንጠረዦቹን የሚያያይዙ ቁልፎችን ለመጨመር ሲሞከር፣ ደንበኛቸው የጠፋ ደረሰኞችና የተደጋገሙ መለያ ቁጥሮች በመኖራቸው ሰርቨሩ «አይሆንም» ሊል ይችላል። ብዙዎች በዚህ ቢበሳጩም፣ ስህተቱ ከደንበኛ ፊት ቀርቦ ከመጋለጡ በፊት እዚህ መታየቱ የተሻለ ነው።

«የሰርቨሩ ስሪት ሲታደስ ፍጥነቱ አብሮ ይጨምራል።»

የግድ አይደለም። በኤስኪውኤል ሰርቨር አዲሱ ስሪት እስከ ደገፈው ድረስ ቋቱ የቀድሞውን የተኳኋኝነት ደረጃ (ቋቱ እንደ የትኛው ስሪት እንደሚሠራ የሚወስን ቅንብር) ይዞ ይቀጥላል። ደረጃው ከፍ ሲል፣ በተለይም በ2014 ስሪት የመጣውን አዲስ የረድፍ ብዛት ግምት ስልት (አንድ የመረጃ ጥያቄ ስንት ረድፍ እንደሚመልስ ሰርቨሩ አስቀድሞ የሚገምትበትን) ሲሻገር፣ አብዛኞቹ ለቋቱ የሚቀርቡ ጥያቄዎች ምንም ባይሆኑም አንዳንዶቹ ሊንቀራፈፉ ይችላሉ። በአዲሱ ስሪት የተወሰደ መጠባበቂያ ቅጂም በአሮጌው ላይ ስለማይመለስ፣ የመመለሻው መንገድ አስቀድሞ መታቀድ አለበት።

«ሁሉንም አፍርሶ እንደ አዲስ መጻፍ ይሻላል።»

አልፎ አልፎ ካልሆነ በስተቀር አይመከርም። ሠንጠረዡ በአዲስ ስም በተስተካከለ አወቃቀር ተሠርቶ በአሮጌው ስም «ቪው» (መረጃውን ከሌላ ሠንጠረዥ እያነበበ እንደ ሠንጠረዥ የሚያሳይ የተቀመጠ ጥያቄ) ከተቀመጠለት፣ በዚያው ሰርቨር ላይ የሚሠራው የቀድሞው ፕሮግራም ማንበቡን ይቀጥላል፤ አዲሱም በጎኑ ክፍል በክፍል ይገነባል። ቪው ከአንድ በላይ ሠንጠረዦችን ሲያጣምር ግን በእርሱ በኩል ለመጻፍ ብዙውን ጊዜ ትሪገር (መረጃ ሲጻፍ በራሱ የሚሠራ ኮድ) ማዘጋጀት ስለሚያስፈልግ፣ በቅድሚያ የሚዛወሩት ከሚጻፍባቸው ይልቅ የሚነበቡት፣ ማለትም የሪፖርት ክፍሎች ቢሆኑ ይመረጣል።