ያልተዘመረለት ተጫዋች ምንድን ነው? ከዋሽንግተን ፉትቦል ቡድን ታሪክ

የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ ላይ ሠንጠረዥ ይወጣል። ኳርተርባኩ ስንት ያርድ ወረወረ፣ ሯጩ ስንት ያርድ ሮጠ፣ ተቀባዩ ስንት ኳስ ያዘ። በማጥቃት ላይ ያለ ቡድን 11 ሰው ያሰልፋል። አምስቱ ግን እዚያ ሠንጠረዥ ላይ ስማቸው የለም። ኳስ አይወረውሩም፣ አይቀበሉም፣ ይዘውም አይሮጡም። ሥራቸው ከፊት የሚመጣውን ግዙፍ ሰው መግፋት፣ ማገድ፣ መንገድ መክፈት ነው።

ያልተዘመረለት ተጫዋች ሲባል ብዙ ሰው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተረስቶ የቀረ ልጅ ይመስለዋል። እሱ አይደለም። ያልተዘመረለት ማለት ለቡድኑ የሠራው ከተሰጠው ስም በግልጽ የሚበልጥ ሰው ነው። አብረውት የተጫወቱት ያውቁታል፣ የገጠሙት ደግሞ ከነሱም በላይ ያውቁታል። ደጋፊው፣ ጋዜጠኛው፣ ከዓመታት በኋላ ታሪክ የሚጽፈው ሰው ግን ሌላ ስም ያነሳሉ። ዋናው ጥያቄ ታዲያ ይህ ክፍተት ከየት ይመጣል የሚለው ነው። መልሱ ለሁሉም አንድ አይደለም።

ለማየት የዋሽንግተን ቡድን ይመቻል። እስከ 2020 ሬድስኪንስ ይባል የነበረው፣ አሁን ኮማንደርስ የሆነው ማለት ነው (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ስለዚህ ቡድን ሥራ ቦታ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ከአሰልጣኝ ጆ ጊብስ ጋር ሦስት ጊዜ ሱፐር ቦውል (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) አሸንፏል፤ በ1983፣ በ1988 እና በ1992። የሚገርመው ሦስቱንም ዋንጫ ያነሳው በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ነው። ጆ ታይዝማን፣ ዳግ ዊሊያምስ፣ ማርክ ሪፒን። ዋና ሯጮቹም እንዲሁ ተቀያይረዋል። ኳሱን የሚይዙት ሰዎች እየተለዋወጡ ውጤቱ ካልተለወጠ፣ ዓይናችንን ኳስ ወደማይዙት መመለስ አለብን።

እነዚያ የፊት መስመር ሰዎች «ሆግስ» ይባሉ ነበር፤ አሳማዎቹ። ስሙን ያወጣላቸው የመስመሩ አሰልጣኝ ጆ ቢዩግል ነው፣ በ1982 ልምምድ ላይ። እኛ አገር ሰውን አሳማ ብትለው ጠብ ነው። እነሱ ግን ወደዱት፣ ኮሩበት። ደጋፊዎች የአሳማ አፍንጫ አጥልቀው፣ ወንዶቹ የሴት ቀሚስ ለብሰው ስታዲየም ይመጡ ጀመር። ስለዚህ ቡድን ሆነው ሲታዩ ታዋቂ ነበሩ። አንድ በአንድ ስማቸውን ጥራ ሲባል ነው ነገሩ የሚጠፋው።

ከነሱ መካከል እኔ የማስቀድመው ጆ ጃኮቢን ነው። በ1981 ከሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ድራፍቱ (ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) 12 ዙር ነበረው። ከ300 በላይ ተጫዋቾች ተመረጡ። እሱን የመረጠው የለም። ዋሽንግተን ደግሞ በዚያው ድራፍት ማርክ ሜይንና ራስ ግሪምን ለዚሁ መስመር መርጦ ነበር። ጃኮቢ ሊፈርም ሲመጣ ጊብስ ያነጋገረው የተከላካይ መስመር ተጫዋች መስሎት እንደነበር የታወቀ ታሪክ ነው። 2 ሜትር ቁመት፣ ከ130 ኪሎ በላይ ክብደት። በስህተት ገባ ማለት ይቻላል። ግን በዚያው ዓመት የግራ ታክል (የመስመሩ የግራ ጫፍ) ቦታን ያዘ፤ 13 ዓመት ሙሉ ለአንድ ቡድን ብቻ ተጫወተ።

የግራ ታክል ቦታ ቀላል ቦታ አይደለም። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዘጋጅ ጀርባው ወደ ግራ ይዞራል። ከዚያ በኩል የሚመጣበትን አያይም። የሚያይለት ታክሉ ነው። ታክሉ ሥራውን በሚገባ ከሠራ ምንም ነገር አይፈጠርም፣ ካሜራውም ወደሱ አይዞርም። አንዴ ከተሳሳተ ግን አገር ያየዋል። የኛ እግር ኳስ ተመልካች ይህን በተከላካይ ያውቀዋል፤ ግቡ የገባበት ቀን ብቻ ነው ስሙ የሚጠራው።

አሁን አንድ ጨዋታ ቀረብ ብለን እንይ። ጥር 30 ቀን 1983፣ ፓሳዲና፣ ሱፐር ቦውል። ዋሽንግተን በማያሚ 17 ለ 13 እየተመራ ነው። አራተኛ ሙከራ ላይ ነው፤ ኳሱን ለማቆየት አንድ ያርድ ይቀረዋል፣ ካልተሳካ ኳሱ ለማያሚ ነው። ኳሱ ለጆን ሪጊንስ ተሰጠ። ወደ ግራ ሮጠ፣ ማለትም ጃኮቢና ግሪም ወደሚሰለፉበት ጎን። የማያሚው ዶን ማክኒል ማሊያውን ያዘው፤ ሪጊንስ አራግፎት 43 ያርድ ሮጦ ታችዳውን (የፉትቦል ግብ) አገባ። ጨዋታው 27 ለ 17 አለቀ። ሪጊንስ 166 ያርድ ሮጦ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ይገባዋል። ግን እስከዛሬ በፎቶ የምናየው ሪጊንስንና የተንጠለጠለበትን ማክኒልን ነው። ክፍተቱን የከፈቱት ሰዎች ከፎቶው ውጭ ቀርተዋል።

ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። ጥር 31 ቀን 1988፣ ሳንዲያጎ። ቲሚ ስሚዝ የሚባል ጀማሪ ሯጭ አለ። በመደበኛው የውድድር ዘመን የሮጠው 126 ያርድ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው እንደሚሰለፍ የሰማው ጨዋታው ሊጀመር ሲል ነው። ያን ቀን 204 ያርድ ሮጠ። በሱፐር ቦውል ታሪክ እስከዛሬ ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ነው። ከዚያ በኋላስ? ሁለት ሦስት ዓመት ሳይቆይ ከሊጉ ጠፋ።

ታዲያ ያን ቀን ምን ነበር? ትልቁ መሣሪያ ካውንተር የሚባለው ጨዋታ ነበር። ሯጩ መጀመሪያ ወደ አንድ ጎን ይራመዳል። ተከላካዮቹ ይከተሉታል። በዚያን ቅጽበት ከዚያው ጎን ሁለት የመስመር ሰዎች ቦታቸውን ለቀው በሌሎቹ ጀርባ ወደ ሌላኛው ጎን ይሮጣሉ፤ ያገኙትን እየጠረጉ። ሯጩ ዞሮ ከኋላቸው ይገባል። 130 ኪሎ ሰው እንደዚያ ሲሮጥ ፊቱ መቆም ከባድ ነው። ዴንቨር 10 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ በሁለተኛው ሩብ ብቻ 35 ነጥብ ገባበት፣ ጨዋታውም 42 ለ 10 አለቀ። የጨዋታው ኮከብ ዳግ ዊሊያምስ ነበር፤ ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ። በመስመሩ ላይ ከጃኮቢ ጎን የቆመው ራሌይ ማኬንዚ ነው፤ በ1985 በ11ኛው ዙር የተመረጠ ልጅ። ስሙን የሚያነሳ ዛሬ ስንት አለ?

እንዲህ ዓይነት ሰዎችን በቁጥር መያዝ የሚቻለው በተዘዋዋሪ ነው። በ1991 የውድድር ዘመን፣ በ16 ጨዋታ፣ የዋሽንግተን ኳርተርባክ ኳስ ይዞ የተጣለው 9 ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው ቡድን ያን ያህል በሁለት ሳምንት ሊጣልበት ይችላል። ወይም ደግሞ የሌሉበትን ቀን ማየት ነው። ኅዳር 18 ቀን 1985 ታይዝማን እግሩ የተሰበረበት፣ የተጫዋችነት ዘመኑም ያበቃበት ምሽት ጃኮቢ በጉዳት አልተሰለፈም ነበር። እሱ ቢኖር አይሰበርም ነበር ማለት አልችልም፤ ማንም አይችልም። ነገር ግን የዋሽንግተን ሽማግሌ ደጋፊ ያቺን ምሽት ሲያነሳ ይህን ሳይጠቅስ አያልፍም።

የክፍተቱ አንዱ ምክንያት ቦታው ኳስ የማይነካ መሆኑ ነው። ሌላው ከትልቅ ስም ጎን መቆም ነው። ጌሪ ክላርክ ኳስ ተቀባይ ነበር፤ በጨዋታ ዘመኑ ከ10,800 ያርድ በላይ ይዟል። በጥር 1988 ሚኔሶታን አሸንፈው ሱፐር ቦውል የገቡበትን ታችዳውን የያዘው እሱ ነው። በ1992ቱ ሱፐር ቦውልም 114 ያርድ ይዞ ታችዳውን አግብቷል። ግን ከጎኑ አርት መንክ ነበር፣ ዝምተኛው፣ የተከበረው። መንክ ራሱ የክብር አዳራሽ (የፉትቦል ታላላቆች ስም የሚሰፍርበት) ለመግባት እስከ 2008 ጠብቋል። እሱ ያን ያህል ከጠበቀ የክላርክን ተራ አስቡት።

ሯጩ ላሪ ብራውን ደግሞ ዕድሜው አጠረበት፤ የተጫዋችነቱን ማለቴ ነው። በ1969 በስምንተኛው ዙር ተመርጦ ሲመጣ አሰልጣኙ ታላቁ ቪንስ ሎምባርዲ ነበሩ። ሎምባርዲ ፊልም ሲያዩ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ልጁ ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው የሚነሳው። ሰነፍ ነው ብለው አላባረሩትም። ጆሮውን አስመረመሩት። አንዱ ጆሮው አይሰማም ነበር፣ የኳርተርባኩ ጥሪ በደንብ አይደርሰውም። የራስ ቁሩ ውስጥ ማዳመጫ ተገጠመለት። በሚቀጥለው ዓመት ሊጉን በሩጫ መራ፣ በ1972 ደግሞ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። ስምንት ዓመት ተጫውቶ በ5,875 ያርድ አቆመ። ድምር የሚቆጥር ሰው ያልፈዋል።

መጥፎ ቡድን ውስጥ መገኘትም አለ። ለንደን ፍሌቸር 1.78 ሜትር ብቻ ነው፣ ለላይንባከር (ከተከላካይ መስመሩ ጀርባ ለሚቆም ተከላካይ) አጭር። እሱንም ድራፍት ላይ የመረጠው የለም። በ16 ዓመት ውስጥ አንድ ጨዋታ አላመለጠውም፤ 256 ተከታታይ ጨዋታ። የመጨረሻ ሰባት ዓመቱን ዋሽንግተን አሳለፈ፤ ቡድኑ በነዚያ ዓመታት አንድም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አላሸነፈም። ሰው እሁድ ማታ ቴሌቪዥኑን በንዴት ሲያጠፋ ተከላካዩን አያስታውስም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ። ጃኮቢ አራት ጊዜ ለፕሮ ቦውል (የሊጉ ምርጦች ጨዋታ) ተመርጧል። ክላርክም አራት ጊዜ። ብራውን የሊጉ ምርጥ ተብሏል። በዘመናቸው የተናቁ ሰዎች አልነበሩም። ያሳነሳቸው ከዚያ በኋላ ያለው መዝገብ ነው፣ በተለይ ኦሃዮ ካንተን ያለው የክብር አዳራሽ። ከሆግስ የገባው ራስ ግሪም ብቻ ነው፣ በ2010። ጃኮቢ በ2016፣ 2017 እና 2018 ተከታትሎ መጨረሻው ዙር ደርሶ ነበር። አልመረጡትም። በዚያው በ2018 የመደበኛ ዕጩነት ጊዜው አለቀና ወደ አንጋፋዎቹ ዝርዝር ተዛወረ። እዚያ በየዓመቱ የሚገባው ጥቂት ሰው ነው፣ ሰልፉ ደግሞ ረጅም። ብራውንና ክላርክም እዚያው ናቸው።

ድምፅ ቢሰጠኝ ጃኮቢን ሳላመነታ እመርጣለሁ። ክላርክን ሁለተኛ። ብራውን ላይ እቸገራለሁ፤ አራት ዓመት እንደዚያ መጫወት ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ክርክር እኔንም አልለቀቀኝም።