ጋሼን ያስደነገጠው ስክሪን፦ ስለ አዲስ ፋይል ማኔጀር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ የጽሑፍና የገጽ ቅንብር ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ እጄ ከሰው ፍላሽ አይለይም፤ የሠርግ ጥሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ። ባለፈው ክረምት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን ፋይል ኤክስፕሎረር ወደ ጎን አድርጌ ዳብል ኮማንደርን መሞከር ጀመርኩ። በነፃ የሚገኝ፣ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ግራና ቀኝ ፎልደሮችን የሚያሳይ ፋይል ማኔጀር ነው።

በማግሥቱ ጠዋት እርማት የሚሠሩልን አዛውንት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደረስኩ። ስክሪኑን አንዴ፣ እኔን አንዴ ያያሉ። "አንተ ልጅ፣ ዕቃዬን የት አደረስክብኝ?"

ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ፕሮግራም በቢሯችን ያልተባለ ነገር የለም። የተባለውን ከእውነታው ጋር እንዲህ አስቀምጬዋለሁ። ከስህተቶቹ አንዳንዶቹ የእኔው ነበሩ።

"ፋይሎቼ አዲሱ ፕሮግራም ውስጥ ገብተዋል፤ እሱ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ"

ጋሼን ያስደነገጣቸው ይኸው ነው። ብቻቸውንም አይደሉም፤ ብዙ ሰው ፋይሉ የሚኖረው በዚያች ቢጫ ፎልደር ምስል ውስጥ ይመስለዋል። ፋይል የሚኖረው ዲስኩ ላይ ነው። ስሙን፣ ቦታውን፣ የተቀየረበትን ሰዓት የሚመዘግበው የፋይል ሥርዓቱ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤን ቲ ኤፍ ኤስ፣ ሊኑክስ በሚባለው በነፃ የሚገኝ ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ደግሞ ኤክስት 4። ፋይል ማኔጀር ይህን መዝገብ አንብቦ ያሳያል፤ "ይህን ቅዳ፣ ያንን አጥፋ" ሲባልም ትእዛዙን ያደርሳል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቢቀየር መዝገቡ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው።

ለጋሼ ይህን ሁሉ አልተረክሁላቸውም። ሁለቱንም ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ከፈትኩና በዳብል ኮማንደር ላይ ኤፍ 7ን ተጭነው አዲስ ፎልደር እንዲፈጥሩ ጠየቅኋቸው። "ሙከራ" ብለው ሰየሙት። ወዲያው ኤክስፕሎረሩ ላይም ብቅ አለ። በኤክስፕሎረር ሲያጠፉት ከዚህኛውም ጠፋ። ሦስት ጊዜ ደገሙት።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ፕሮግራሙ ሲወገድ አብሮ የሚሄድ ነገር አለ፤ የመረጣችሁት ቀለም፣ ለቶሎ መግቢያ ያስቀመጣችኋቸው ፎልደሮች፣ የቀየራችኋቸው ቁልፎች። ፋይሎች ላይ ምልክት መለጠፍ የሚፈቅዱ ፕሮግራሞችም አሉ። ለምሳሌ ሊኑክስ ላይ ያለው ዶልፊን ምልክቱን ከፋይሉ ጋር አያይዞ የፋይል ሥርዓቱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያ ፋይል ፋት 32 የሚባለውን የቆየ የፋይል ሥርዓት ወደሚጠቀም ፍላሽ ሲቀዳ ግን ምልክቱ ይቀራል። ሥራችሁን በምልክት ብቻ ለይታችሁ ከሆነ የምታስቀምጡት፣ ፎልደር ይሻላል።

"አዲሱን ለመሞከር የድሮውን ማጥፋት ያስፈልጋል"

አያስፈልግም፤ ለማጥፋትም አትሞክሩ። ዊንዶውስ ላይ ኤክስፕሎረር የሚባለው ፕሮግራም ከታች ያለውን የተግባር አሞሌና ዴስክቶፑንም ጭምር የሚያሳየው ነው። ዳብል ኮማንደር ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚሠራ ቅጂም ስላለው፣ ካልወደዳችሁት ፎልደሩን ማጥፋት ብቻ ነው።

"ለሁለት የተከፈለ ስክሪን ያረጀ ነገር ነው"

ዕድሜው ትልቅ መሆኑ እውነት ነው። ይህን አቀማመጥ ያስፋፋው ጆን ሶቻ የጻፈው ኖርተን ኮማንደር ሲሆን የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ማውዝ የብዙ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሳይደርስ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በዛ። ስዊዘርላንዳዊው ክርስቲያን ጊስለር በ1993 ዊንዶውስ ኮማንደር ብሎ ያወጣው በ2002 ስሙን ወደ ቶታል ኮማንደር ቀየረ፤ "ዊንዶውስ" የሚለው ስም ባለቤት አለውና። ሜክሲኳዊው ሚጌል ደ ኢካዛ ሚድናይት ኮማንደርን በ1994 ጀመረ። ዳብል ኮማንደር የቶታል ኮማንደርን ፈለግ የተከተለ ነው።

ያረጀ ነገር ቢሆን ኖሮ ሰው ሲነጠቅ ባልተቆጣ ነበር። ናውቲለስ የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ማኔጀር እ.ኤ.አ. በ2012 ስክሪን መክፈሉን ሲያስቀር፣ የሊኑክስ ሚንት ሰዎች የቀድሞውን እትም ወስደው ኒሞ የሚባለውን የራሳቸውን ሠሩ፤ ክፍፍሉንም አቆዩት። ኤክስፕሎረር ራሱ በአንድ መስኮት ብዙ ትሮችን (ታቦችን) መክፈት የቻለው በ2022 ነው።

ጥቅሙን ግን በታሪክ ሳይሆን በሥራ ነው ያየሁት። ደንበኛ ፍላሹን ይሰጠኛል፤ በግራ ፍላሹን፣ በቀኝ የዕለቱን የሥራ ፎልደር እከፍታለሁ። የሚታተሙትን በኢንሰርት ቁልፍ ምልክት አደርጋለሁ፤ ስማቸው ቀይ ይሆናል። ኤፍ 5፣ ኢንተር፣ አለቀ። ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ዓይኔ እያየ ነው። በድሮው መንገድ ቀድቼ፣ መስኮት ቀይሬ፣ ልለጥፍ ስል ስልክ ይጠራና የት እንደነበርኩ እረሳለሁ።

"ቁልፎቹ የትም ያው ናቸው"

ከሁሉም ዋጋ ያስከፈለኝ ይህኛው ነው። ኤክስፕሎረር ላይ ኤፍ 5 የሚታየውን ዝርዝር ያድሳል፤ እዚህ ይቀዳል። ኤክስፕሎረር ላይ ኤፍ 3 ወደ መፈለጊያው ይወስዳል፤ እዚህ ፋይሉን ለንባብ ይከፍታል። ኤፍ 6 ያዛውራል፣ ኤፍ 8 ያጠፋል። ኤፍ 5ና ኤፍ 6 ደግሞ ጎረቤታሞች ናቸው።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን አምጥታ፣ አሳትማ፣ ፍላሿን ይዛ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ፊቷ ልውጥውጥ ብሎ ተመለሰች፤ ፍላሹ ባዶ ነው። ኤፍ 5 የተጫንኩ መስሎኝ ኤፍ 6 ተጭኜ ኖሯል። ፕሮግራሙ "ላዛውር?" ብሎ ጠይቆኛል፤ እኔ ሳላነብ ኢንተር ብዬዋለሁ። ፋይሎቹ ሁሉ እኛው ዲስክ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ መለስኩላት፤ ሻይ ጋበዝኳት። አሁን የሚመጣውን ጥያቄ ቢያንስ የመጀመሪያውን ቃል አነባለሁ። ቁልፎቹን ከቅንብሩ ውስጥ መቀየር እንደሚቻልም ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

"ቆርጦ መለጠፍ ሁልጊዜ ከመቅዳት ይፈጥናል"

በአንድ ክፋይ፣ ማለትም ዲስኩ ከተከፈለባቸው እንደ ሲ ወይም ዲ ካሉት ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ከሆነ አዎ። ከዴስክቶፕ ወደ ሌላ ፎልደር ስታዛውሩ፣ ሁለቱም አንዱ ክፋይ ላይ ካሉ፣ ይዘቱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ መዝገቡ ላይ አድራሻው ብቻ ይለወጣል። አሥር ጊጋባይት ቪዲዮ በዓይን ጥቅሻ የሚዛወረው ለዚህ ነው። ከፍላሽ ወደ ዲስክ ከሆነ ግን ማዛወር ማለት ቀድቶ ሲያበቃ ዋናውን ማጥፋት ነው፤ ስለዚህ ከመቅዳት አይፈጥንም። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ገሚሱ እዚህ፣ ገሚሱ እዚያ ይቀርና አንዱ ፋይል በግማሽ ተጽፎ ይገኛል። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለሚሠራ፣ መብራትም ሳይሰናበት ለሚሄድበት ሰው፣ ከፍላሽ መቅዳት፣ መክፈቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ማጥፋት ነው ያለው።

"የጠፋ ፋይል ሁሉ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አለ"

የዊንዶውስ ሪሳይክል ቢን ለፍላሽ አይሠራም። ከፍላሽ የተሰረዘ ፋይል መጣያው ውስጥ አይገባም፤ በየትኛውም ፋይል ማኔጀር ብትሰርዙት ልዩነት የለውም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው ዲስክ ላይም ሺፍትን ይዛችሁ ካጠፋችሁ እንደዚያው ነው።

ሊኑክስ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ደንበኛ "ፍላሼ ሞልቷል ይላል፤ ሲከፈት ግን ምንም የለበትም" ብሎ መጣ። ዊንዶውስ ላይ ስንከፍተው ስሙ በነጥብ የሚጀምር፣ ትራሽ-1000 የሚል ፎልደር አገኘን። ልጁ ቤቱ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ይጠቀማል፤ ፋይል ባጠፋ ቁጥር ሊኑክስ እዚያው ፍላሹ ላይ በሠራው ስውር መጣያ ውስጥ ሲያጠራቅምለት ኖሯል። ሊኑክስ በነጥብ የሚጀምርን ስም ይደብቃል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ነጥብን ከምንም አይቆጥርም።

"አዲሱ ፕሮግራም እንግዳ ፋይሎችን ፈጠረ"

አልፈጠረም፤ ነበሩ። ዴስክቶፕ ነጥብ አይ ኤን አይ፣ ተምስ ነጥብ ዲ ቢ፣ ዎርድ ሲከፈት በጠመዝማዛ ምልክት የሚጀምሩት ጊዜያዊ ፋይሎች ሁሉ ድሮም ነበሩ፤ ኤክስፕሎረር ሸፍኗቸው ነው። ስውሩን እንዲያሳይ የታዘዘ ፋይል ማኔጀር ግን ሁሉንም ይዘረዝራል።

ይህ ለእኛ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ሾርትከት የሚባለውን የፍላሽ ቫይረስ የማያውቅ ማተሚያ ቤት ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት የለም። እውነተኞቹን ፎልደሮች ስውር ያደርግና በየስማቸው ሾርትከት ይተክላል፤ ባለቤቱ ፎልደሩን የከፈተ መስሎት ቫይረሱን ያስነሳዋል። ስውር ፋይሎችን የሚያሳይ ፋይል ማኔጀር ሁለቱን ጎን ለጎን ያቀርባቸዋል፤ አንዱ ፎልደር፣ ሌላው ጥቂት ኪሎባይት የሆነች ፋይል። የስሙን ቅጥያም አይደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለምን ያመሰው "አይ ላቭ ዩ" የተባለው ትል (ራሱን እያባዛ የሚሰራጭ ጎጂ ፕሮግራም) የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ብዙ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው፣ የስሙ ጫፍ ተደብቆ ተራ ጽሑፍ ስለመሰለ ጭምር ነው።

ማየት ግን ማጽዳት አይደለም። ሾርትከቱን እዚህም ደጋግማችሁ ብትጫኑት ያው ቫይረስ ነው፤ ማጽዳቱ የጸረ ቫይረሱ ሥራ ነው።

"መቅዳቱን ያፈጥናል፤ ፍላሹንም ያሰፋል"

የለም። አሮጌ ዩኤስቢ 2 መሰኪያ በወረቀት ላይ እንኳን ከሰከንድ 60 ሜጋባይት አያልፍም። ፋት 32 የሆነ ፍላሽ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ፋይል ማኔጀር መለወጥ አያድነውም፤ ፍላሹ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጦ፣ ፍላሹን ኤክስፋት በሚባለው የፋይል ሥርዓት ፎርማት ማድረግ ነው። 32 ተብሎ የተሸጠው ፍላሽ 29.8 የሚታየውም ሻጩ በሺህ፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው።

"የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ ፋይሉን ያበላሻል"

ለዓመታት "ሰርግ ካርድ"ን በላቲን ፊደል፣ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ አጻጻፍ፣ ስንጽፍ የኖርነው በዚህ ፍራቻ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ ዊንዶውስም ሊኑክስም በአማርኛ የተሰየመ ፋይልን ያለ ችግር ያስቀምጣሉ። ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ፊደሉን የሚያሳይ ፎንት ጎድሏል፤ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ያነበበው ፕሮግራም ያረጀ ነው። ፋይሉ ምንም አልሆነም።

እውነተኛው ችግር ርዝመቱ ላይ ነው። ኤን ቲ ኤፍ ኤስ ለአንድ ስም 255 የአማርኛ ፊደል ይችላል። ኤክስት 4 ደግሞ 255 ባይት ይላል፤ አንድ የአማርኛ ፊደል እዚያ 3 ባይት ይፈጃልና ከ85 ፊደል አያልፍም። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሙሉ ርዕስ፣ ከነ"በ…ወረዳ የተደረገ ጥናት"፣ የፋይል ስም ያደርጉታል። ዊንዶውስ ላይ የተከፈተው፣ የሊኑክሱ ማሽን ላይ "ስሙ ረዘመ" ብሎ አልቀዳም ይላል። አሳጥሮ መሰየም ነው መድኃኒቱ።

ሌላው ደግሞ ፍለጋው ነው። ባለፈው ወር "የስራ ውል" የሚል ፎልደር አጣን። በአልት ኤፍ 7 ብፈልገው የለም፤ በኤክስፕሎረር ብፈልገው የለም። ጓደኞቼ "ይኸው፣ ያንተ ፕሮግራም በላው" ማለት ጀመሩ። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው ዝርዝሩን በዓይናቸው ወረዱበትና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። "የሥራ ውል" ይላል፤ በንጉሡ ሠ። የሰየሙት እሳቸው ናቸው። ለኮምፒውተሩ ሥ እና ስ ድምፃቸው ቢመሳሰልም ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ በአንዱ ሲፈለግ ሌላው አይመጣም። በፊደሏ ቦታ የጥያቄ ምልክት አድርጌ "የ?ራ ውል" ብዬ ስፈልግ ወጣ፤ ምልክቱ ማንኛውንም አንድ ፊደል ይተካልና።

ጋሼ ግን የጥያቄ ምልክቱን ነገር አልወደዱትም። "ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚጻፈው ስላችሁ ያልሰማችሁኝን፣ እሱ ሳልነግረው ያውቃል" ብለው ወደ እርማታቸው ተመለሱ።