ማፋጠጥ ምንድን ነው?

«ማፋጠጥ» የሚለው ቃል ከ«ፈጠጠ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ሰውን ፊት ለፊት ይዞ፣ ማምለጫ አሳጥቶ መጠየቅ ማለት ነው። ዛሬ ቃሉን አብዝተን የምንሰማው ጋዜጠኛ ባለሥልጣንን በቴሌቪዥን ሲጠይቅ ነው፤ ከባድ ጥያቄ ማንሣትም፣ ተጠያቂን ማመናጨቅም በዚሁ በአንድ ስም ይጠራሉ። ተመልካቹ ግን ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት አሳ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ይህን ታዝቤያለሁ። በቴሌቪዥኑ አንድ ኃላፊ ለልማት ተነሺዎች ስለሚከፈል ካሳ ይጠየቁ ነበር፤ ጥያቄው ጠንካራ ስለነበር አስተናጋጁ ሳይቀር ትሪውን እንደያዘ ቆሞ ያዳምጣል። ኃላፊው «የተመደበውን ካሳ እኛ በወቅቱ ለሁሉም ተነሺዎች…» እንዳሉ ጠያቂው አቋረጣቸው።

«ኧረ ያስጨርሳቸው!» አሉ አጠገቤ የነበሩ አዛውንት።

«አባባ፣ ቢያስጨርሳቸውስ መቼ ይመልሳሉ?» አለ አንድ ወጣት።

«መመለስ አለመመለሳቸውን ሳይጨርሱ በምን አወቅህ?»

አዛውንቱ የተናገሩት ስለ ጨዋነት ብቻ አልነበረም። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ኃላፊው «ከፍለናል» ሊሉ ይሁን «አልከፈልንም» ሊሉ፣ ከመቋረጣቸው በፊት የሚያውቅ ሰው የለም። በመካከል የሚያቋርጥ ጠያቂ ሊያገኘው የፈለገውን መልስ ራሱ ይቆርጠዋል፤ ተጠያቂውም ቃል ሳይገባና ሳይክድ ይወጣል። እንግዲህ ማፋጠጥን ከማመናጨቅ የሚለየው አንደኛው መለኪያ ማስጨረስ ነው። ሁለተኛው መለኪያ አጠራሩ ነው፤ በ«እርስዎ» የተጀመረ ጥያቄ በንዴት ወደ «አንተ» ሲወርድ፣ ቀደም ሲል ከጠያቂው ጋር የነበረው ተመልካች ወደ ተጠያቂው ይዞራል።

በእንግሊዝኛ አጠራሩ ለሁሉም አንድ በመሆኑ ይህ ሁለተኛው መለኪያ የለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1997 ጋዜጠኛው ጄረሚ ፓክስማን በቢቢሲ «ኒውስናይት» ፕሮግራም የቀድሞውን የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክል ሃዋርድን፣ የእስር ቤቶችን ኃላፊ ውሳኔ እሽራለሁ ብለው አስፈራርተው እንደሆነ ከአሥር ጊዜ በላይ መላልሶ ጠይቋቸዋል። ለድፍረቱ በመካከል ይቅርታ ሳይቀር ጠየቀ፤ ጥያቄውን ግን አልለወጠም። ተመልካች ያስታወሰው መልሱ አለመገኘቱን ነው፤ ለእኔ የማፋጠጥ ጥሩ ምሳሌ ይህ ነው። (ፓክስማን ከዓመታት በኋላ፣ ጥያቄውን የደጋገመው ተከታዩ ዘገባ ስላልደረሰ እንደነበር ተናግሯል።)

ለእኛም ቢሆን ማፋጠጥ ባዕድ አይደለም። በቀድሞው ሙግት ተሟጋቾች «ተጠየቅ» እየተባባሉ፣ በ«በላ ልበልሃ» ሥርዓት በሕዝብ ፊት ይጠያየቁ ነበር፤ ቃሉ ቢከርም የመናገር ተራ ነበረው።

ታዲያ ማመናጨቅ ይህን ያህል የሚጠላ ከሆነ ለምን ይታያል? ዳያና ማትዝና ባይረን ሪቭስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ተዋንያንን የምክር ቤት ዕጩ አድርገው አንዱን የቴሌቪዥን ክርክር በሁለት መልክ ቀርጸው ነበር፤ የሐሳቡ ይዘት አንድ ሆኖ፣ በአንደኛው በጨዋነት ይነጋገራሉ፣ በሌላው አንዱ የሌላውን ንግግር ያቋርጣል፣ ይገላመጣሉ። ብልግናውን ያዩት ተመልካቾች ይበልጥ ነቅተው ተከታተሉ፤ በፖለቲከኞች ላይ የነበራቸው እምነት ግን ቀነሰ። ጥናቱ በተከራካሪዎች እንጂ በጠያቂ ላይ ባይሆንም፣ አሳ ቤቱ ውስጥ ያየሁት ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ እየተቆጣ ቻናል ይቀየር ያለ ሰው አልነበረም፣ እንዲያውም ድምፁ እንዲጨመር ተጠየቀ።

አሳችን ሲቀርብ ወጣቱም ከአዛውንቱ ጋር ተስማምቶ፣ ጠያቂው «አሳዳጊ የበደለው» ተብሎ ነበር። ካሳው ተከፍሎ እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።