ውጅግራ፦ በጣና ዳርቻ የቆየ ጠመንጃ ዋጋ እንዴት ይመዘናል

ውጅግራ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 የታጠቀችው፣ በመኮንኑ ባዚል ግራ ስም የሚጠራ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ የ11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ለበን የተባለው ጠመንጃ ሲተካው ብዙው ወደ ውጭ ተሸጠ፤ አገራችንም ደረሰ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱ ሲሆን፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦርም በዚያ ጦርነት ተሰልፏል። በጠላት ወረራ ዘመንም አርበኞች ይዘውታል።

የሚገምተው ሰው መጀመሪያ መቀባበያውን ስቦ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ያያል። ቀጥሎ ርዝመቱን ይለካል። ሙሉው የእግረኛ ውጅግራ 1.30 ሜትር ገደማ ሲሆን ክብደቱ ከ4 ኪሎ ጥቂት ያልፋል። የመቀባበያው መያዣ ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ታች የታጠፈ ከሆነ የፈረሰኛ ካርቢን (አጭር ጠመንጃ) ሊሆን ይችላል። መያዣው ቀጥ ያለ ሆኖ አፈሙዙ አጠገብ በስተቀኝ የሳንጃ ማጥለቂያዋ ጉጥ ከሌለች፣ አጭር ሆኖ የተሠራ ሳይሆን ኋላ የተቆረጠ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። የተቆረጠ ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል።

ዋናው ፍተሻ ጽሑፉ ላይ ነው። በጥይት ማጉረሻው ግራ ጎን የፋብሪካው ስም ይነበባል፦ ሴንት ኤትየን፣ ሻቴልሮ ወይም ቱል፤ በኦስትሪያ ስታየር የተሠራም አለ። ከ1874 ቀጥሎ «ኤም 80» የሚል ካለበት፣ የባሩዱ ጋዝ በተኳሹ ፊት ላይ እንዳይመለስ ማስወጫ ቦይ የተቆፈረለት ነው። ቱቦው ወደ 8 ሚሊ ሜትር የተለወጠም አለ፤ እርሱ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሥራ ስለሆነ «የዓድዋ ነው» ተብሎ ሊሸጥ አይገባም። ቁጥሩ በቱቦው፣ በመቀባበያውና በሰደፉ ላይ አንድ ከሆነ ትልቅ ዋጋ ያወጣል። ብዙ ጊዜ የሚለያየው መቀባበያው ነው፤ ተነቃይ የሆነው የፊት ጫፉ ከቀለህ ማውጫው ጋር ስለሚጠፋ ከሌላ ጠመንጃ ይተካል።

ቱቦው ውስጥ ወደ ግራ የሚዞሩ 4 ቦዮች አሉ። በአንድ ጫፍ ነጭ ወረቀት ይዞ በሌላው ማየት ይበቃል። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስለሚስብ፣ በጣና ዳር ክረምት ዝገቱ የሚጀምረው ጥይቱ ከሚያርፍበት ነው። ቅቤ ተቀብቶ የኖረ ጠመንጃም ቅቤው ሲበላሽ አሲዱ ብረቱን ይበላዋል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ለገበያ ተብሎ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ የብረቱ የዕድሜ ቀለም ይጠፋል፤ የጠፋው አይመለስም። በጠፍር የተጠፈረ ስንጥቅ ሰደፍ ወይም በዋንዛ የተተካ እንጨት የተለየ ነገር ነው። የውጭ ሰብሳቢ እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል፤ እዚህ ግን ጠመንጃው አገራችን ውስጥ ለመኖሩ ምስክር ስለሆነ መነካት የለበትም።

«አያቴ ዓድዋ ይዘውት ዘምተዋል» የሚል ቃል ብቻውን ዋጋ አይጨምርም። የፋብሪካው ምልክት የሚያረጋግጠው መቼና የት መሠራቱን እንጂ መዝመቱን አይደለም። የባለቤትነት ወረቀት፣ የዘማቹ ፎቶግራፍ ወይም በሰደፉ ላይ የተቀረጸ ስም ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል።

ባለቤትነቱና ዝውውሩ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥር ስለሚታይ፣ ከዋጋ ንግግር በፊት ፈቃዱን ከፖሊስ ማጣራት ይቀድማል። መተኮስ አይሞከርም። ሳንጃው ካለ ቁጥሩ ከብረት ሰገባው ቁጥር ጋር ይነጻጸር፤ በሳንጃው ጀርባ ላይ ፋብሪካውና ዘመኑ ተጽፏል። ሰገባው እርጥበት ስለሚይዝ፣ ሳንጃው ቀጭን የማሽን ዘይት ተቀብቶ ከሰገባው ውጭ ይቀመጣል።