የባሕር ማዶ በጎ ፈቃደኝነት ምንድን ነው?

አንድ ሰው ደመወዝ ሳይከፈለው ለተወሰነ ጊዜ ሰው አገር ሄዶ ሲሠራ የባሕር ማዶ በጎ ፈቃደኛ ይባላል። ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም። አንዳንዱ ማደሪያውና ቀለቡ ይቻልለታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለላከው ድርጅት ራሱ ይከፍላል። የሚሠራው ከአገር በቀል ድርጅት ጋር፣ ማለትም የሰፈሩ ሰው ራሱ ካቋቋመው፣ ሰብሳቢዋን ቅዳሜ ገበያ ከሚያገኛት ማኅበር ጋር ሲሆን ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይሆንም። ደቦ ነው።

ጎንደር አጠገብ ባለው ደምቢያ ደቦ የሚጠራው ባለ እርሻው ነው። የቱ ማሳ እንደሚታጨድ እሱ ይወስናል፤ ጠላውንም እንጀራውንም እሱ ያሰናዳል። የመጣው ሰው ማጭዱን ይዞ «በየት በኩል ልግባ?» ይላል እንጂ «ጤፉን ተዉት፣ አጥር እንጠር» አይልም።

ባለቤት የሌለው ደቦ ምን እንደሚመስል ጎንደር ውስጥ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የልጆች ማዕከል አስተርጓሚ ነበርኩ። በአንድ ክረምት ሦስት የባሕር ማዶ በጎ ፈቃደኞች ቡድን መጣ፤ ሦስቱም እንግሊዝኛ ሊያስተምሩ፣ ሦስቱም ከ«ማይ ኔም ኢዝ» ጀመሩ። ሦስተኛው ቡድን በገባበት ቀን አንዲት ልጅ ገና ሳትጠየቅ ሰላምታውንም፣ ስሟንም፣ ዕድሜዋንም በአንድ ትንፋሽ ወረደችው። መምህርቷ በደስታ አጨበጨበች። እኔ ምን ብዬ ላስተርጉም? በጎ ፈቃደኞቹ መጥተው ማስተማራቸው ጥፋት አልነበረም። ያለፈው ቡድን የት እንዳቆመ የመዘገበ የማዕከሉ ሰው አለመኖሩ ነው ጥፋቱ።

የቆይታው ርዝመትም ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ያቋቋሙት፣ ሰዉ ፒስ ኮር የሚለው የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት፣ የሰላም ጓድ፣ በ1962 ወደ ኢትዮጵያ መምህራን ሲልክ የአገልግሎቱ ዘመን ሁለት ዓመት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ መምህሩ የተማሪውን ስም ብቻ ሳይሆን ድክመቱንም ያውቃል።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነገርም እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል፤ የበጎ ፈቃድ ሥራ ባይሆንም። ደምቢያን ወባ ከፈጃት በኋላ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አግዘውታል። የሠለጠኑት ጤና መኮንኖችና ነርሶች ግን የአገር ልጆች ስለነበሩ፣ የውጭዎቹ ባለሙያዎች ሲሄዱ ሥራው አብሮ አልሄደም።

ከጎንደር ወደ ውጭ መውጣት ለሚፈልግ ወጣትም መንገዱ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ኢትዮጵያውያንንም ይቀበላል፤ ለኑሮ የሚሆን አበል ይሰጣል። ለማመልከቻ ግን አምስት ሳንቲም አይጠይቅም። «የበጎ ፈቃድ ቪዛ አለን፣ መጀመሪያ ብር አስገባ» ያለህ ካለ ስልኩን ዝጋው።