የቀረጥ ተመላሽ ቅድሚያ ክፍያ ምንድን ነው?

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለው ተረት አሜሪካ ላሉ አስመጪዎች የተተረተ ነው የሚመስለው። መንግሥት ያለ ሥልጣኑ ቀረጥ ሰብስቦባቸዋል፣ ፍርድ ቤትም ይህንኑ ብሏል። ግን ፍርድ ስለወጣ ብር በማግስቱ ኪስ አይገባም። ይሄኔ አንዱ ይመጣና "ላሟ እስክትወርድ ምን አስጠበቃችሁ? የወተቱን ዋጋ አሁን ልስጣችሁ" ይላል። በቃ፣ የቀረጥ ተመላሽ ቅድሚያ ክፍያ ማለት ይኸው ነው። አበዳሪው ከጉምሩክ ይመለስልናል የምትሉትን ገንዘብ አይቶ ከፊሉን ዛሬ ይሰጣችኋል፤ ተመላሹ ሲመጣ የሰጠውን ከነክፍያው ያነሳል።

ነገሩ የተጀመረው በ2025 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ)። የትራምፕ አስተዳደር በ1977 የወጣውን የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሥልጣን ሕግ ይዞ ከአብዛኛው ዓለም በሚገባ ዕቃ ላይ ታሪፍ ጣለ። አስመጪዎች ከሰሱ። የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2025 ፈረደላቸው፣ ይግባኝ ሰሚው በኦገስት 7 ለ4 አጸናው፣ በመጨረሻም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2026፣ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ "ይህ ሕግ ታሪፍ መጣያ አይደለም" አለ። እስከዚያ ከ130 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። ገንዘቡ በምን መንገድ ይመለስ የሚለውን ግን ፍርዱ አልነካውም።

ለወትሮውም ጉምሩክ አይቸኩልም። ዕቃ ከገባ በኋላ የቀረጡ ሂሳብ የመጨረሻ ሆኖ የሚዘጋው በተለምዶ 314 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ተቃውሞ ለማቅረብ 180 ቀን አለ። አስመጪው ግን ቀረጡን የከፈለው ገና ዕቃው ሳይሸጥ ነው። ደሞዝ፣ የመጋዘን ኪራይ፣ ለሚቀጥለው ኮንቴይነር ቀብድ፣ እነዚህ 314 ቀን አይጠብቁም።

እዚህ ላይ ሰው የሚምታታባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ ብድር፣ ሌላው ሽያጭ። በሽያጩ ተመላሹን ለገዢው ትተዉለታላችሁ፣ መጣም ቀረም የሱ ጉዳይ ነው። ክርክሩ ገና ፍርድ ቤት ሳለ፣ በ2025፣ አንዳንድ የዎል ስትሪት ባለሀብቶች ለአንድ ዶላር ተመላሽ ከ20 እስከ 30 ሳንቲም እንደሚከፍሉ ተዘግቦ ነበር። ያኔ የሸጠ ሰው ዛሬ ጣቱን ይነክስ ይሆናል፣ ግን ያኔ ውጤቱን ማን ያውቅ ነበር? በብድሩ ደግሞ ላሟ የእናንተው ናት። የምትዘገየውም በእናንተው ሂሳብ ነው።

እስቲ እናስላው፣ ቁጥሩ የኔ ምሳሌ ነው። 300,000 ዶላር ትጠብቃላችሁ። አበዳሪው 70 በመቶውን፣ 210,000 ዶላር፣ ይሰጣችኋል። ክፍያው በወር 2 በመቶ ነው። "ሁለት በመቶ ምን አላት" ያሰኛል። በወር 4,200 ዶላር ናት። ተመላሹ በስድስት ወር ከመጣ 25,200 ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ፣ ለሥራ ማስኬጃ ይህ መጥፎ አይደለም። በ18 ወር ከመጣስ? 75,600። ከቀሪው 90,000 እጃችሁ የሚገባው 14,400 ብቻ ነው። 22ኛው ወር ላይ ተመላሹ በሙሉ መጥቶም ባለዕዳ ናችሁ። እርግጥ መንግሥትም በሚመልሰው ቀረጥ ላይ ወለድ ያስባል፤ በ2025 ለኩባንያዎች በዓመት 6 በመቶ ነበር። በኛ ምሳሌ በዓመት ወደ 18,000 ዶላር ማለት ነው፣ አበዳሪው ግን በዚያው ዓመት 50,400 ይወስዳል። ያቺ የመንግሥት ወለድ ለማን እንደምትሆን ውሉ ላይ ካልተጻፈ አጽፉ። ብዙ ሰው ይረሳታል።

ከዚያ ውሉ ውስጥ አንድ ጥያቄ ፈልጉ፦ ተመላሹ ቢያንስ ወይም ቢቀር ማን ይከፍላል? "አስመጪው" ካለ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን ተራ ብድር ነው። የግል ዋስትና ከፈረማችሁለት ደግሞ ቤታችሁም ውስጡ ሊገባ ይችላል።

አበዳሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው 7501 የሚባለውን፣ የገባው ዕቃና ቀረጡ የሚዘረዘርበትን የጉምሩክ ቅጽ ነው። ዓይኑ በቀጥታ የታሪፍ ቁጥራቸው በ9903 በሚጀምር መስመሮች ላይ ያርፋል። በ9903.01 የሚጀምረው ፍርድ ቤቱ የሻረው ታሪፍ ነው። በ9903.88 የሚጀምረው ግን የቻይና ዕቃ ላይ በሌላ ሕግ የተጣለ ነው፣ ፍርዱ አይነካውም። የብረትና የአሉሚኒየሙም እንደዚያው። "ይህን ያህል ታሪፍ ከፍያለሁ" ብሎ ድምሩን ይዞ የሄደ ሰው ተለይቶ ሲወጣለት ግማሹን ሊያጣው ይችላል።

ሌላ የሚገርም ነገር አለ። የአሜሪካ ሕግ በመንግሥት ላይ ያለን የገንዘብ ጥያቄ፣ ገና ሳይፈቀድና መጠኑ ሳይወሰን፣ ለሌላ ሰው ማስተላለፍን ይከለክላል። ስለዚህ ጉምሩክ የሚያውቀው እናንተን ብቻ ነው፣ ገንዘቡም በስማችሁ ነው የሚመጣው። አበዳሪው ይህን ስለሚያውቅ ተመላሹ የሚገባበትን የባንክ ሂሳብ ያለሱ ፊርማ እንዳታንቀሳቅሱት ሊያደርግ ይሞክራል። ባንካችሁ ቀድሞ ንብረታችሁን በሙሉ በመያዣ ይዞ ከሆነ እሱም ድርሻዬ ይላል፣ ሳትነግሩት አትፈርሙ።

ዕቃችሁን በኩሪየር ያስመጣችሁ ደግሞ ወረቀቱን አንዴ እዩት። አስመጪ ተብሎ የተመዘገበው ኩሪየሩ ራሱ ከሆነ ጉምሩክ የሚመልሰው ለሱ ነው። ቀረጡን ከኪሳችሁ ብትከፍሉም ላሟ የሱ ናት፤ አበዳሪ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ከኩሪየሩ ጋር ነው መነጋገር ያለባችሁ።