የቆየን ንድፍ ለአዲስ ገደብ ማስተካከል፦ ዘዴው ምንድን ነው?

አንድ አርክቴክት አዲስ ቤት ሲነድፍ ብዙ ጊዜ ከባዶ ወረቀት አይነሳም። ቀድሞ የተሠራ ፕላን ያወጣና ለአዲሱ ቦታ ያስተካክለዋል። ኮምፒውተር እንዲህ እንዲሠራ የሚያደርገው ዘዴ ኬዝ ቤዝድ ሪዝኒንግ ይባላል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሮጀር ሻንክና ተማሪዎቹ በዬል ዩኒቨርሲቲ ስለ ማስታወስ የሠሩት ሥራ ነው።

የሚመሳሰል ፕላን ፈልጎ ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። ጣጣው ማስተካከሉ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በቆየው ፕላን ከወለል እስከ ወለል 2.80 ሜትር ነው። ደረጃው እያንዳንዳቸው 17.5 ሳንቲሜትር የሆኑ 16 ከፍታዎችና 28 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው 15 መርገጫዎች አሉት። ስለዚህ ርዝመቱ 4.20 ሜትር ነው። ደረጃውና ሳሎኑ በአንድ መስመር 8.70 ሜትር ይጋራሉ፤ ለሳሎኑ 4.50 ይቀራል። አዲሱ ባለቤት ግን ከወለል እስከ ወለል 3.15 ሜትር ይሁንልኝ አለ። ከፍታዎቹ 18፣ መርገጫዎቹ 17 ሆኑ። ደረጃው ወደ 4.76 ሜትር ረዘመ፣ ሳሎኑ ወደ 3.94 ጠበበ። ሰውዬው ደግሞ ሳሎኑ ከ4 ሜትር እንዳያንስ ብሏል።

ገደብ ማሟላት የሚባለው ሌላው ዘዴ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ሊቀየር የሚችለው ነገር ሁሉ ይዘረዘራል፣ እያንዳንዱ ሊይዝ የሚችለው መጠን ይወሰናል፣ የማይጣሱት ገደቦችም ይጻፋሉ። መርገጫው ከ26 ሳንቲሜትር እንዳያንስ ተብሏል እንበል። 27 ብናደርገው ደረጃው 4.59፣ ሳሎኑ 4.11 ይሆናል። ሁሉም ገደብ ተሟላ። የኩሽናው ቦታ፣ የመስኮቱ አቅጣጫ፣ የመኝታ ቤቱ ጸጥታ ምንም አልተነካም።

እኔን የሚማርከኝ ይሄ ነው። ጥሩ ፕላን ማንም እንደ ሕግ ያልጻፋቸውን ብዙ ውሳኔዎች ይዟል። በገደብ ብቻ ከዜሮ ብንነሳ ቁጥሩ ሁሉ የተስተካከለ፣ ግን ሰው ሊኖርበት የማይወደው ቤት ሊወጣ ይችላል። በቆየው ፕላን ብቻ ከሄድን ደግሞ ደረጃው አይገባም።

ሁለቱን ለማገናኘት የሚመች አንድ ስልት አለ፤ ግጭትን የመቀነስ ስልት ይባላል። ስቲቨን ሚንተንና ባልደረቦቹ ያወጡት፣ ከሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ የሥራ መርሐ ግብር ጋር የተያያዘ ነው። ስህተት ካለበት ግን ሙሉ ከሆነ መልስ ይነሳል። ከዚያ ገደብ የጣሰውን አንዱን ነገር ይመርጥና ጥሰቱን በጣም የሚቀንሰውን መጠን ይሰጠዋል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የቆየ ፕላን ማለት እንግዲህ ለዚህ ስልት የተዘጋጀ መነሻ ነው! ሊዛ ፐርቪስና ፐርል ፑ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኮምፖዘር በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓታቸው የተለያዩ የቆዩ መፍትሔዎችን አንድ ላይ አጣምረው በዚሁ መንገድ አስተካክለዋል።

ድክመትም አለው። ስልቱ መሀል ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። መልስ ካላገኘ ደግሞ መልስ የለም ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ባለቤቱ ተጨማሪ መኝታ ቤት ከፈለገም ቁጥር መቀያየር ብቻውን አያዋጣም። የክፍሎቹ አቀማመጥ ራሱ መቀየር አለበት፤ ካልሆነም ሌላ የሚቀርብ ፕላን መፈለግ ነው።